በሚገባ የተያዘ መኪና ለምን ይረክሳል?

ያገለገለ የስፖርት አውቶሞቢል ያለ ደላላ መሸጥ ትርፉም ሥጋቱም ብዙ ነው

በለቡ መብራት ኃይል የውስጥ ለውስጥ መንገዶች፣ በኋላ መስታወቱ ላይ “ይሸጣል” የሚል ወረቀትና የስልክ ቁጥር የተለጠፈበት አውቶሞቢል ማየት እንግዳ ነገር አይደለም፡፡ ወረቀቱ የተለጠፈው በቪትዝ ወይም በኮሮላ ላይ ከሆነ ዕድሜው አጭር ነው፡፡ ስልኩ ይደወላል፣ ደላላው ይመጣል፣ ዋጋው ይቆረጣል፡፡ በጥንቃቄ በተያዘ ባለ 6 ሲሊንደር ቢ ኤም ደብልዩ ላይ ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል፡፡ ጠያቂው ብዙ ነው፤ ዞር ዞር ብሎ አይቶ፣ ፎቶ አንስቶ የሚሄደውም አይጠፋም፤ ገንዘቡን ይዞ የሚመለሰው ግን ጥቂት ነው፡፡

የሞተር ዘይትና ፊልትሮ በጊዜው ሲቀይር፣ ለእያንዳንዱ ዕቃ ደረሰኝ ሲያስቀምጥ፣ መኪናውን ከፀሐይና ከጎርፍ ሲጠብቅ የኖረ ባለንብረት ለትጋቱ ተገቢውን ዋጋ ማግኘት ነበረበት፡፡ በገበያው የሚታየው ግን ሌላ ነው፡፡ በሚገባ የተያዘውም በግዴለሽነት የተነዳውም በአንድ ዋጋ ይጠየቃሉ፡፡ መኪና ከመኖሪያ ቤት ቀጥሎ ትልቁ ሀብቱ ለሆነ የከተማ ቤተሰብ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም፡፡ ሻጩ ዋጋውን አጥብቆ ቢይዝ መኪናው ለወራት ይቆማል፤ ቸኩሎ ቢሸጥ ደግሞ “የቸኮለ አፍሶ ለቀመ” ይሆንበታል፡፡

ገበያው ቶዮታን ያውቃል

የአዲስ አበባ ያገለገለ መኪና ገበያ ለረጅም ጊዜ የቆመው በቶዮታ ላይ ነው፡፡ ምክንያቱ የፍቅር ጉዳይ አይደለም፡፡ የቶዮታ መለዋወጫ መርካቶ ሶማሌ ተራ በአዲስም በአሮጌም ይገኛል፤ የሰፈር መካኒክ ሁሉ ሞተሩን ዓይኑን ጨፍኖ ይፈታዋል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ የገዛው ሰው ነገ መሸጥ ቢፈልግ ገዥ እንደማያጣ ያውቃል፡፡ በኢኮኖሚክስ አነጋገር ኮሮላ ወደ ጥሬ ገንዘብ ለመለወጥ የማያስቸግር ንብረት ነው፡፡ ገዥው የሚከፍለው ለመኪናው ብቻ ሳይሆን ለዚህ ምቾትም ጭምር ነው፡፡

የስፖርት አውቶሞቢል ይህ ምቾት የለውም፡፡ ለአብነት እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በተመረተው ኢ46 በሚባለው የቢ ኤም ደብልዩ 3 ሲሪስ ትውልድ ውስጥ የሚገኘውን 325 እንውሰድ፡፡ 2.5 ሊትር ሞተሩ ከፋብሪካ ሲወጣ 192 የፈረስ ጉልበት ነበረው፡፡ በአዲስ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ላይ የሚሰጠው ደስታ ከቪትዝ ጋር አይወዳደርም፡፡ ነገር ግን ይህን ደስታ የሚፈልግ፣ ገንዘቡም ያለው፣ መለዋወጫ ከውጭ ለማስመጣት የማይሰለች ገዥ በከተማው ጥቂት ነው፡፡ ጥቂት ገዥ ባለበት ገበያ ደግሞ ዋጋ የሚወሰነው በአማካይ አይደለም፡፡ ትክክለኛው ሰው በትክክለኛው ሳምንት በመምጣቱ ወይም በመቅረቱ ነው፡፡

ፖሊሲ የለወጠው ዋጋ

ሻጩ ዋጋ ከመቁረጡ በፊት ባለፉት ዓመታት ገበያውን የናጡትን ውሳኔዎች ማስታወስ ይኖርበታል፡፡ በየካቲት 2012 ዓ.ም. የጸደቀው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በአሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ፡፡ የመኪናው ዕድሜ ሲጨምርና የሞተሩ መጠን ሲያድግ ታክሱም እየከበደ ስለሚሄድ፣ ዕድሜ የጠገበ ባለ ትልቅ ሞተር አውቶሞቢል አስመጥቶ መሸጥ ከዚያ ወዲህ አዋጭነቱ አበቃ፡፡ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ አውቶሞቢልን ጨምሮ ለ38 የዕቃ ዓይነቶች የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድ አደረገ፡፡ በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ከኤሌክትሪክ በስተቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን አስታወቀ፡፡ በምክንያትነት የቀረበው አገሪቱ ለነዳጅ የምታወጣው የውጭ ምንዛሪ ነበር፡፡

በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ በ38ቱ ዕቃዎች ላይ የነበረው ገደብ ቢነሳም፣ በነዳጅ አውቶሞቢሎች ላይ የተጣለው ክልከላ አብሮ አልተነሳም፡፡ በዚያው ሰሞን 57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ120 ብር በላይ ሆነ፡፡

እነዚህ ውሳኔዎች ተደምረው አንድ ውጤት አላቸው፡፡ በአገር ውስጥ ያለው የነዳጅ አውቶሞቢል ክምችት በአዲስ የማይተካ ሆኗል፡፡ አቅርቦቱ ከተዘጋ ዋጋው መውጣት አለበት የሚለው የመጀመሪያ ዓመት የኢኮኖሚክስ ትምህርት እዚህ ላይ ይሠራል፡፡ ይሁንና ሌላኛውን ወገን መርሳት አይገባም፡፡ በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ 48 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ሊትር ቤንዚን በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ገብቷል፡፡ በከተማ ውስጥ በ100 ኪሎ ሜትር 13 ሊትር የሚጠጣ ሞተር በዚያ ሒሳብ ከ1,300 ብር በላይ ያስወጣል፡፡ 6 ሊትር የሚበቃው ትንሽ መኪና ከ610 ብር አያልፍም፡፡ በዚህ ላይ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢሎች በ2014 ዓ.ም. ከተጨማሪ እሴት፣ ከሱር እና ከኤክሳይዝ ታክስ ነፃ ሆነው እንዲገቡ መደረጉ፣ ቀድሞ የጀርመን መኪና ያምረው የነበረውን ባለገንዘብ ወደ ሌላ ማሳያ ወስዶታል፡፡ የስፖርት አውቶሞቢል ሻጭ እንግዲህ ሁለት ነፋስ መሀል ቆሟል፤ አንዱ ዋጋውን ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች ይገፋዋል፡፡

በብር ትርፍ፣ በዶላር ኪሳራ

ብዙ ሻጮች የሚሳሳቱበት ሌላ ሒሳብ አለ፡፡ አንድ ሰው በ2008 ዓ.ም. መኪናውን በ700 ሺህ ብር ገዛ እንበል፡፡ ዶላር ያን ጊዜ 21 ብር ገደማ ስለነበር የከፈለው 33 ሺህ ዶላር ያህል ነው፡፡ ዶላር 120 ብር በገባበት ጊዜ መኪናውን በ2 ሚሊዮን 400 ሺህ ብር ቢሸጠው በብር ከሦስት እጥፍ በላይ አግኝቷል፡፡ በዶላር ሲመነዘር ግን በእጁ የገባው 20 ሺህ ነው፡፡ ለዓመታት ተገልግሎበት ይህን ያህል ማግኘቱ መጥፎ አይደለም፤ ግን ትርፍ አይባልም፡፡

ስለዚህ ትክክለኛው ጥያቄ “ስንት ገዛሁት?” ሳይሆን “በምሸጥበት ገንዘብ ምን እተካበታለሁ?” የሚለው ነው፡፡ ሌላ መኪና መግዛት ያለበት ሰው ከመሸጡ በፊት የሚተካውን ዋጋ አጣርቶ መያዝ ይኖርበታል፡፡ ገንዘቡን ባንክ አስቀምጦ ለወራት መኪና የሚያማርጥ ሰው፣ ዋጋ በሚንርበት ወቅት የሸጠውን ዓይነት መኪና ራሱ መልሶ መግዛት ላይችል ይችላል፡፡

የአከርሎፍ መኪና

በሚገባ የተያዘ መኪና ለምን እንደሚረክስ ያስረዳው አሜሪካዊው የኢኮኖሚክስ ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው አጭር ጥናት ምሳሌ ያደረገው ያገለገለ መኪና ገበያን ነበር፡፡ ሐሳቡ ቀላል ነው፡፡ ሻጭ የመኪናውን ገመና ያውቃል፣ ገዥ አያውቅም፡፡ ገዥው ደጉን ከክፉው መለየት ስለማይችል ለሁሉም የመካከለኛ መኪና ዋጋ ያቀርባል፡፡ ደህና መኪና ያለው ሰው በዚህ ዋጋ አልሸጥም ብሎ ከገበያ ይወጣል፤ የሚቀረው ደካማው ይሆናል፡፡ ገዥዎች ይህን ሲረዱ የሚያቀርቡትን ዋጋ እንደገና ይቀንሳሉ፡፡ አከርሎፍ ለዚህና ተያያዥ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2001 ከማይክል ስፔንስና ከጆሴፍ ስቲግሊትዝ ጋር የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል፡፡

የለቡው ሻጭ ችግር ይኸው ነው፡፡ መኪናውን የሚያይ ሰው ሁሉ የሚያስበው ከዚህ በፊት የሰማውን ነው፡፡ ኪሎ ሜትሩ ተመልሶ ይሆን? ከቀለሙ ሥር ስቱኮ ይኖር ይሆን? ተጋጭቶ የተቃና ሻንሲ ይሆን? “በጣም ንፁህ ነው፣ ምንም አይነካም” የሚለውን ቃል ንፁሁም ቆሻሻውም እኩል ስለሚናገሩት ዋጋ የለውም፡፡ ዋጋ ያለው ቆሻሻው ሊያቀርበው የማይችለው ማስረጃ ነው፡፡

ማን ይናገር የነበረ

እዚህ ላይ “ማን ይናገር የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ” የሚለው ተረት ለመኪና ገበያም ይሠራል፡፡ ለመኪናው መናገር የሚችለው አብሮት የነበረ ወረቀት ነው፡፡ በቀንና በኪሎ ሜትር የተመዘገበ የሰርቪስ መዝገብ፣ የመለዋወጫ ደረሰኞች፣ የየዓመቱ የቴክኒክ ምርመራና የቦሎ ሰነዶች በአንድ ፋይል ቢቀመጡ ኪሎ ሜትሩ አለመነካቱን ከማንም ምስክር በላይ ያሳያሉ፡፡ 17 ፊደልና አኃዝ ያለው የሻንሲ ቁጥርም መኪናው የተመረተበትን ዓመትና ሞዴል ስለሚናገር፣ በሊብሬው ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን ሻጩ ራሱ አስቀድሞ ማመሳከር አለበት፡፡

ሁለተኛው ማስረጃ የገዥው መካኒክ ነው፡፡ ሻጩ “እኔ የማውቀው ጋራዥ እንውሰደው” ሲል ጥርጣሬን ይጨምራል፤ “የፈለግኸው ጋራዥ ውሰደው፣ በኮምፒውተርም አስመርምረው” ሲል ግን ራሱን ከደካማው ሻጭ ይለያል፡፡ ያረጀ ጎማ፣ ያለቀ የፍሬን ሸራ፣ የሚንኳኳ የፊት እግር ካለ አስቀድሞ በዝርዝር ጽፎ መስጠትም ይበጃል፡፡ ገዥው ራሱ ያገኘው ትንሽ ጉድለት ከሻጩ አፍ ከሰማው ትልቅ ጉድለት ይልቅ ዋጋ ያወርዳል፡፡

የዚህ ዓይነት መኪና በተለይ የሚጠየቅበት ነገር የማቀዝቀዣው ሥርዓት ነው፡፡ በኢ46 ሞዴሎች ላይ የራዲያተሩ የፕላስቲክ መጠባበቂያ ጋን፣ የውኃ ፓምፑና ቴርሞስታቱ በዕድሜ የሚደክሙ መሆናቸው ይታወቃል፡፡ ሞተሩ ከልክ በላይ ከጋለ የአሉሚኒየሙ ቴስታታ ይጣመማል፤ ጥገናውም የመኪናውን ዋጋ ጥሩ ቁራጭ ይበላል፡፡ በአዲስ አበባ ከፍታ ክፍት ዕቃ ላይ ያለ ውኃ 92 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ፣ በራዲያተሩ ንፁህ ውኃ ብቻ ሲሞላ የኖረ መኪና ላይ አደጋው የባሰ ነው፡፡ ተገቢውን የማቀዝቀዣ ፈሳሽ ሲጠቀም የኖረና እነዚህን ዕቃዎች በወቅቱ የቀየረ ሻጭ ደረሰኙን ከፊት ማስቀመጥ አለበት፡፡

የሙከራ ጉዞም የራሱ ምክር አለው፡፡ ከኃይሌ ጋርመንት ወደ ጀሞ የሚወስደው ሰፊ መንገድ ጠዋት በማለዳ ለዚህ ይመቻል፡፡ ገዥው በወረቀት ላይ ያነበበውን 192 የፈረስ ጉልበት በእግሩ ሥር ካላገኘው “ሞተሩ ደክሟል” ሊል ይችላል፡፡ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ባለ ከተማ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ ተርቦ የሌለው ሞተር ሁሉ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ወይም ከዚያ በላይ ያጣል፡፡ ይህን አስቀድሞ መንገር ክርክር ያስቀራል፡፡ ሻጩ ከገዥው ጎን መቀመጥ፣ መታወቂያውንና መንጃ ፈቃዱን ማየት እንጂ ቁልፍ አስረክቦ በር ላይ መጠበቅ የለበትም፡፡

ደላላ ወይስ በራስ?

ደላላ የሚከፈለው በከንቱ አይደለም፡፡ ገዥ ያውቃል፣ ዋጋ ያውቃል፣ ሁለቱን ወገን ያቀራርባል፡፡ ለኮሮላ ሥራው ፈጣን ነው፡፡ ለስፖርት መኪና ግን ፍላጎቱ ከሻጩ ፍላጎት ጋር ላይገጥም ይችላል፡፡ ደላላው ኮሚሽኑን የሚያገኘው ሲሸጥ ብቻ ስለሆነ፣ ከሦስት ወር በኋላ በጥሩ ዋጋ ከመሸጥ በሳምንት ውስጥ በዝቅተኛ ዋጋ መሸጥ ይሻለዋል፡፡ በሻጩ ላይ 100 ሺህ ብር ሲቀነስ፣ ኮሚሽኑ 2 በመቶ ቢሆን ከደላላው የሚጎድለው 2 ሺህ ብር ብቻ ነው፡፡

በራሱ የሚሸጥ ሰው ይህን ያተርፋል፤ በምትኩ ጊዜውን ይከፍላል፡፡ በቴሌግራም የሚወጣው ማስታወቂያ ዋጋውን፣ የምርት ዘመኑን፣ ኪሎ ሜትሩን፣ ካምቢዮው ማንዋል ይሁን አውቶማቲክ፣ የተቀየሩ ዕቃዎችን በግልጽ ካላስቀመጠ ቀኑን ሙሉ ስልክ ሲመልስ ይውላል፡፡ ይህን ዓይነት መኪና የሚወዱ ሰዎች እርስ በርስ ይተዋወቃሉና በመካኒኩ በኩል የሚመጣ ገዥ ከመንገድ ከሚመጣው ብዙ ጊዜ የተሻለ ነው፡፡ የገዥው ገንዘብ ከየት እንደሚመጣም መጠየቅ ነውር አይደለም፡፡ ዕቁብ እስኪደርሰው የሚጠብቅና ገንዘቡ ባንክ ያለ ሰው እኩል ገዥ አይደሉም፡፡

ቀብድ ቀልድ አይደለም

ዋጋ ሲቆረጥ ቀብድ ይሰጣል፡፡ ብዙ ሻጮች ቀብድን እንደ መተማመኛ ብቻ ያዩታል፤ ሕጉ ግን ከዚያ በላይ ያየዋል፡፡ በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ቀብድ መስጠት ውል መኖሩን ያስረዳል፡፡ ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ ሰጪው ውሉን ቢተው ቀብዱ ይቀርበታል፤ ተቀባዩ ቢያፈርስ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል፡፡ 200 ሺህ ብር ቀብድ የተቀበለ ሻጭ በማግስቱ የተሻለ ዋጋ አገኘሁ ብሎ ቢያፈርስ 400 ሺህ ብር ሊከፍል ነው ማለት ነው፡፡ ስለዚህ የቀብዱ መጠን፣ ቀሪው የሚከፈልበት ቀንና ያ ቀን ካለፈ የሚሆነው ነገር በጽሑፍ መቀመጥ ይኖርበታል፡፡

ጉድለት መደበቅም ከሽያጭ በኋላ ይከተላል፡፡ “ባለበት ሁኔታ ተሽጧል” የሚል ሐረግ በውሉ ውስጥ ማስገባት የተለመደ ነው፡፡ ሻጩ እያወቀ በተንኮል የሸሸገው ጉድለት ከተገኘ ግን ይህ ሐረግ አያድነውም፡፡

በውክልና የሚሸጥ ንብረት፣ በስም የሚቀር ዕዳ

ከሁሉም የከፋው አደጋ በውክልና መሸጥ ነው፡፡ ገዥው የስም ማዛወሪያ ወጪና የቴምብር ቀረጥ ለመሸሽ ወይም መኪናውን መልሶ ለመሸጥ አስቦ “ስሙ አሁን አይዙር፤ የመሸጥ የመለወጥ ውክልና ስጠኝ” ይላል፡፡ ገንዘቡን ሙሉ በሙሉ የተቀበለ ሻጭ ደግሞ ምን ቸገረኝ ብሎ ይፈርማል፡፡

የሚቸግረው ከዚያ በኋላ ነው፡፡ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2081 የተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል፤ መሪውን የጨበጠው ሌላ ሰው መሆኑ ብቻውን ነፃ አያወጣውም፡፡ በመዝገብ ባለቤት ሆኖ የሚታየው ደግሞ የድሮው ሻጭ ነው፡፡ ስሙ በዞረ ጊዜ ይህ ጉዳይ አብቅቶ ነበር፡፡ ስሙ ካልዞረ ግን ከሸጠ ከዓመት በኋላ በማያውቀው ሰው እጅ ያለ ፈጣን መኪና ሰው ቢገጭ፣ ፍርድ ቤት ተጠርቶ መሸጡን የማስረዳት ጣጣ ይወድቅበታል፡፡ የሦስተኛ ወገን መድን ሽፋን ቢኖርም ወሰን አለው፡፡

ለገዥውም ቢሆን መንገዱ አያዋጣም፡፡ ውክልና በወካዩ ፈቃድ ሊሻር ይችላል፤ በመርሕ ደረጃም ወካዩ ሲሞት ይቋረጣል፡፡ ያን ጊዜ ገዥው ገንዘቡን የከፈለበትን መኪና ከሟች ወራሾች ጋር ሊከራከርበት ነው፡፡

በሕጋዊው መንገድ የሚሄድ ሰው ሥራው ብዙ አይደለም፡፡ መኪናው ዕዳና እገዳ የሌለበት መሆኑ ይጣራል፤ ከቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነ የቀረጡ ጉዳይ አስቀድሞ ይዘጋል፡፡ ሕዝቡ ዛሬም “ውልና ማስረጃ” በሚለው በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ ፊት ሻጭና ገዥ ይፈርማሉ፡፡ ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው መቅረብ ወይም መወከል አለበት፡፡ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በጋራ የተያዘና ዋጋው ከ500 ብር በላይ የሆነ የሚንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ የሁለቱንም ስምምነት ይጠይቃል፡፡ በአሁኑ ዋጋ አንድ የመኪና ጎማ እንኳ ከዚህ ወሰን ያልፋል፡፡ ያላገባ ደግሞ ያላገባ ለመሆኑ ማስረጃ ያቀርባል፡፡ ሚስት ሳታውቅ ቀብድ የተበላበት ሽያጭ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ ይፈርሳል፡፡

በውሉ ላይ የሚጻፈው ዋጋም እውነተኛው መሆን አለበት፡፡ ቀረጥ ለመቀነስ ተብሎ ከግማሽ በታች የተጻፈ ዋጋ ውሉ ቢፈርስ ወይም ክፍያው ቢጎድል ማስረጃ የሚሆነው ለተጻፈው ብቻ ነው፡፡ ክፍያው በባንክ ዝውውር ወይም ትክክለኛነቱ በባንኩ በተረጋገጠ ሲፒኦ ቢሆን ይመረጣል፡፡ ገንዘቡ በሻጩ ሒሳብ መግባቱ የሚረጋገጠው በገዥው ስልክ ላይ በሚታይ መልእክት አይደለም፤ ሻጩ ራሱ የባንክ ሒሳቡን ሲያይ ነው፡፡

ከፊርማው በኋላ ሻጩ ሦስት ነገር ሳይይዝ ወደ ቤቱ መመለስ የለበትም፡፡ አንደኛው የተረጋገጠው ውል ቅጂ ነው፡፡ ሁለተኛው መኪናው የተረከበበትን ቀንና ሰዓት የሚገልጽ፣ ገዥው የፈረመበት የርክክብ ወረቀት ነው፤ በዚያ ሰዓትና በስም ዝውውሩ መካከል ለሚደርስ ቅጣትም ሆነ አደጋ ተጠያቂውን ይለያል፡፡ ሦስተኛው መኪናው መሸጡን ለመድን ድርጅቱ በጽሑፍ ያሳወቀበት ደብዳቤ ነው፡፡ ስሙ በአሽከርካሪና ተሽከርካሪ ፈቃድና ቁጥጥር መሥሪያ ቤት መዞሩን ራሱ ተከታትሎ ማረጋገጥም የሻጩ ጥቅም ነው፡፡

በዚህ መንገድ የተሸጠ የስፖርት መኪና ባለቤቱ የደከመበትን ሁሉ ላይመልስ ይችላል፡፡ ገበያው ለፍጥነትና ለውበት ከሚከፍለው ይልቅ ለመተማመን የሚከፍለው ይበልጣልና፡፡ የተያዘ ደረሰኝ፣ የተገለጸ ጉድለት፣ በስሙ የዞረ ሊብሬ ግን በሚገባ የተያዘውን መኪና ከሌላው የሚለዩት መለያዎች ናቸው፡፡ ዋጋ የመጠየቅ ድፍረቱንም ለሻጩ የሚሰጡት እነዚሁ ናቸው፡፡